መሳብ ሌላ፥ መሸከም ሌላ

ፈረስ በጋሪ የሚጎትተውን ያህል በጀርባው አይሸከምም። ይህን የማያውቅ ባለጋሪ በአገራችን የለም። አንድ ፈረስ ሦስት ሰው ከነጓዛቸው በጋሪ ይዞ ሶምሶማ ሲሄድ ታያላችሁ፤ ያንኑ ጭነት በጀርባው እንጫንበት ቢባል ግን ወገቡ ይቆረጣል። ዛሬ የማጫውታችሁም ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ የእኔ ፈረስ የጭነት መኪና፥ ጋሪዬም ሞተር ብስክሌት የሚያሳድር ተሳቢ ቤት መሆኑ ብቻ ነው።

«እኛ ገና የመጀመሪያ ደመወዛችንን ያልጠገብን ሰዎች ስለ ጡረተኛ መኪና ምን አገባን?» የምትሉ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ነገሩ የጡረተኛ ብቻ አይደለም። ማንም ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ያጠራቀመውን ገንዘብ አሟጦ አንድ ትልቅ ነገር ይገዛል። በዚያን ጊዜ ሻጩ እየደጋገመ የሚነግረው አንድ ቍጥር አለ፤ ሳይነግረው የሚያልፈው ሌላ ቍጥርም አለ። ሰውን የሚጎዳው ወይም የሚያድነው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ነው። በዚህ አገር ሰው የሥራ ዘመኑን ሲፈጽም፥ ቤቱን ዘግቶ ወይም ሸጦ በተሳቢ ቤት ከስፍራ ወደ ስፍራ መዞር የተለመደ ነው። በክረምት ወደ አሪዞና በረሃ፥ ክዋርትዛይት ወደምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ ሙቀት ፍለጋ ይወርዳሉ። ሞተር ብስክሌት የሚወዱት ደግሞ በነሐሴ ወር በሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት ስተርጂስ በምትባል ከተማ ወደሚደረገው፥ በ1938 ወደተጀመረው የሞተረኞች ስብሰባ ይጓዛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም ሁለታችን ሞተር ብስክሌት ወዳጆች ነን። ነገር ግን ሰው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በዝናብና በብርድ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ ለጉልበትም ለወገብም አይስማማም። ስለዚህ ሞተሮቹን በቤት ውስጥ ጭነን ለመሄድ፥ ካሰብንበት ስንደርስ ቤቱን አቁመን በሞተር ለመዞር አሰብን።

«ቤቱ ካለ ሞተሩ ለምን ያስፈልጋል?» ቢባል መልሱ ቀላል ነው። በሞንታና ክፍለ ግዛት፥ ግላሲየር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ1933 የተመረቀ፥ ስሙ «ወደ ፀሐይ የሚወስድ መንገድ» የተባለ የተራራ መንገድ አለ። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,026 ሜትር ነው። ገደሉን ይዞ የሚሄድ ጠባብ መንገድ ስለ ሆነ ርዝመቱ ከ6.4 ሜትር የሚበልጥ ተሽከርካሪ በተራራው ክፍል ማለፍ የተከለከለ ነው። ትልቅ ቤት የሚጎትት ሰው ከታች ቆሞ ተራራውን ያያል፤ ሞተር ያለው ሰው ግን ይወጣዋል።

አሁን ስለ ቤቱ ላስረዳችሁ። አሜሪካኖች «ቶይ ሆለር» ይሉታል፤ ትርጓሜው «መጫወቻ ጫኝ» ማለት ነው። ፊቱ አልጋ፥ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው መኖሪያ ሲሆን፥ ጀርባው ጋራዥ ነው። የኋላው ግድግዳ በሙሉ ወደ መሬት ተዘርግቶ መወጣጫ ይሆናል፤ ሞተሩም በዚያ ላይ ይገባል። ብዙዎቹ ለሞተር መቅጃ የሚሆን የቤንዚን በርሜል ጭምር አላቸው።

ለመዝናኛ የሚሆን ዕቃ በተሳቢ መጎተት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1914 በዲትሮይት ከተማ ሲብሊ የተባለ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን የሚያጓጉዝበት ነገር እንዲሠራለት ኦገስት ፍሩሃፍ የተባለውን አንጥረኛ ጠየቀው። አንጥረኛውም በፎርድ አውቶሞቢል የሚጎተት ተሳቢ ሠራለት። ነጋዴው ነገሩን ስለ ወደደው ለእንጨቱም ሥራ ሌላ አሠራ። በኋላ ስሙ የታወቀው የፍሩሃፍ የተሳቢ ፋብሪካ የተነሣው ከዚያ የጀልባ መጎተቻ ነው።

ተሳቢ ቤቶች በአያያዛቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከመኪናው ኋላ ከታሰረ የብረት ኳስ ላይ ተቆልፎ የሚጎተተው ነው። ሁለተኛው አንገቱ ከፍ ብሎ ከመኪናው መጫኛ መካከል፥ ከኋላው አክስል በላይ የሚያርፈው ነው፤ ይህም «አምስተኛ ጎማ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከፈረስ ሠረገላ ዘመን ነው፤ የሠረገላው የፊት እግር እንዲዞር ከበላዩ በአግድም ይተኛ የነበረው ክብ ብረት አምስተኛ ጎማ ይመስል ነበርና። ባለአምስተኛ ጎማው በመንገድ ላይ የተረጋጋ፥ በውስጡም ሰፊ ነው። ነገር ግን በመኪናው ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት እጅግ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የፈረሱንና የጋሪውን ነገር አስታውሱ። ማንኛውም ተሳቢ የሚጎተት ብቻ ሳይሆን በከፊል የሚሸከሙት ጭምር ነው። በኳስ የሚያዘው ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነውን በመኪናው ላይ ይጥላል፤ ባለአምስተኛ ጎማው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ይጥላል። ይህ ክብደት ከመጎተት ኃይል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሚያርፈው በባሌስትራው፥ በአክስሉና በጎማው ላይ ነው።

ፋብሪካዎች በማስታወቂያ የሚያሳዩት ግን የመጎተቱን ቍጥር ነው። እርግጥ ቍጥሩ ሐሰት አይደለም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ጄ 2807 የተባለ የመለኪያ ደንብ አውጥቷል፤ ቶዮታም ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ ተከተለው። በዚህ ደንብ መኪናው በአሪዞና ዴቪስ ዳም በተባለው አቀበት፥ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተሳቢውን እየጎተተ፥ የአየር ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፥ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳያንስ መውጣት አለበት። ከባድ ፈተና ነው። ሆኖም በመኪናው ውስጥ አሉ ተብሎ የሚታሰበው ሁለት ሰዎች፥ እያንዳንዳቸውም 68 ኪሎ ብቻ ሆነው ነው። የመሣሪያ ሣጥን የለም፤ ውሻ የለም፤ የተጨመረ ዕቃ የለም። ጡረተኛ ደግሞ ያለ ጓዝ አይወጣም።

ሁለተኛው ቍጥር የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ነው። «የሰዎቹና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም» የምትል ናት፤ በኪሎም በፓውንድም ተጽፋለች። ጠቅላላ የተፈቀደለት ክብደት ከ4,536 ኪሎ በሚበልጥ ትልቅ ፒካፕ ላይ ይህች ወረቀት ላትገኝ ትችላለች። በዚያን ጊዜ በዚያው ምሰሶ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ታነባላችሁ፤ ባዶውን መኪና በሚዛን ታስመዝናላችሁ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ትቀንሳላችሁ። የቀረው የመኪናው ትከሻ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው መኪናውን በመምረጥ ነው። እኛ ግን በተገላቢጦሽ ሄድን። መጀመሪያ ሞተሮቹን፥ ቀጥሎ ቤቱን፥ በመጨረሻ መኪናውን መረጥን። ፈረስ የሚገዛው ጭነቱ ከታወቀ በኋላ ነውና።

ሒሳባችን ይህ ነበር። ትልቁ ሞተራችን ሆንዳ ጎልድዊንግ 380 ኪሎ ያህል፥ ባለቤቴ የምትነዳው ትንሹ 170 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ሁለቱ 550 ኪሎ ናቸው። መቶ ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ይሆናል። የውሃው ጋን ሲሞላ 380 ሊትር ይይዛል፤ ያም 380 ኪሎ ማለት ነው። ልብስ፥ የወጥ ቤት ዕቃ፥ ምግብ፥ ሄልሜትና መሣሪያ 295 ኪሎ ብለን ገመትን። ድምሩ 1,300 ኪሎ ሆነ። ይህን የማይፈቅድ ተሳቢ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር ተውነው። የተሳቢው የመጫን ልክም በበሩ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ ውሃው ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚሆንም ጭምር ያመለክታል።

ካየናቸው መካከል ሁለት ቤቶች ቀሩ። በኳስ የሚያዘው ባዶውን 3,400 ኪሎ፥ ከነጭነቱ 4,700 ኪሎ ነበረ፤ ከመቶ 13 ብንይዝ በመኪናው ላይ 610 ኪሎ ያሳርፋል። ባለአምስተኛ ጎማው ባዶውን 5,400፥ ከነጭነቱ 6,700 ኪሎ ነበረ፤ ከመቶ 20 ብንይዝ 1,340 ኪሎ ያሳርፋል።

ከዚያ ወደ መኪናው ዞርን። በአሜሪካ ፒካፖች ከድሮ ጀምሮ ግማሽ ቶን፥ ሦስት አራተኛ ቶን፥ አንድ ቶን እየተባሉ ይጠራሉ። የፎርድ ኤፍ 150፥ ኤፍ 250 እና ኤፍ 350 በዚሁ ተራ የሚቆሙ ናቸው። ስሙ ከጥንት የመሸከም ልክ የቀረ ስለ ሆነ ዛሬ ከእውነተኛው ልክ ጋር አይገጥምም፤ ሁሉም ከስማቸው በላይ ይሸከማሉ። በተራው የቆሙ መኪኖችም እንደ ሞተራቸውና እንደ ጌጣቸው ይለያያሉ።

ያየነው ግማሽ ቶን ከ5,000 ኪሎ በላይ ይጎትታል ተብሎ የተጻፈለት ሲሆን፥ የበሩ ወረቀት የሚፈቅድለት ሸክም 800 ኪሎ ነበር። እኔና ባለቤቴ 150 ኪሎ፥ የመጎተቻው ብረት 45 ኪሎ፥ ትንሹ ቤት የሚያሳርፈው 610 ኪሎ፤ ድምሩ 805 ሆነ። አንድ የውሃ ኮዳ ሳንጨምር ልኩ አለፈ። መጎተቱን ይጎትታል፤ መሸከሙን አይሸከምም።

ሦስት አራተኛ ቶኑ ባለናፍጣ ነበር። ጉልበቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ራሱ ከባድ ስለ ሆነ ከመኪናው ትከሻ ላይ ይቀንሳል። የቀረለት 1,000 ኪሎ ያህል ነበር። ለትንሹ ቤት በቃ፤ ለትልቁ ግን የ90 ኪሎ መያዣውና እኛ ሁለታችን ሲጨመርበት 1,580 ስለሚያስፈልግ በ580 ኪሎ አነሰ። አንድ ቶን የተባለው ብቻ 1,700 ኪሎ ተሸክሞ ሁለቱንም ቻለ።

የሚሸጠን ወጣት ትሑት ሰው ነበር። ሦስት አራተኛ ቶኑን እያሳየን «ይህ መኪና ትልቁን ቤት እንደ ላባ ይጎትተዋል» አለን። ባለቤቴ የበሩን ወረቀት በጣቷ እያመለከተች «ጉልበቱንስ አየሁት፤ ትከሻው የት አለ?» አለችው። እርሱም ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠም።

አንድ ቶኑን ለመግዛት ተስማማን። ክርክሩ በቤቱ ላይ ሆነ። መኪናው ትልቁንም ስለሚችል እኔ ለሰፊው ቤት አደላሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ነገር ተናገረች፤ በሚዛን የማይለካ ቢሆንም ከሁሉ የከበደ ነበር። «አንተ በመንገድ ላይ አልጋ ብትይዝ፥ እኔ ነድቼ ሐኪም ቤት የማላደርስህን ቤት አልገዛም» አለችኝ። በዚህ ዕድሜ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ሁለታችንም ማያያዝ፥ መፍታትና ወደ ኋላ መግፋት የምንችለው ትንሹ ቤት ነበረ፤ እርሱንም ገዛን። የመንጃ ፈቃድ ነገርም አለበት። ለምሳሌ ያህል በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ትልልቆቹ ባለአምስተኛ ጎማዎች ከ15,000 ፓውንድ፥ ይኸውም ከ6,800 ኪሎ ሲበልጡ የተለየ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን የሚለውን ጥያቄ የወሰነልን አገራችን የኮሎራዶ ተራራ ነው። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ በ1973 የተከፈተ አይዘንሃወር የተባለ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 3,401 ሜትር ይደርሳል። አየር በሚሳሳበት ስፍራ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 3 ያህል ያጣል፤ እዚያ ሲደርስ ሲሶ የሚያህል ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ባለተርቦው ናፍጣ ይህን ያህል አይደክምም። ይሁን እንጂ እኔን የሚያሳስበኝ አቀበቱ አይደለም፤ አቀበት ቢያቅት ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቍልቍለቱ ግን ይቅርታ አያውቅም። ከዋሻው በስተ ምዕራብ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ያህል የሚወርድ መንገድ አለ፤ በዳሩም ፍሬን የተቃጠለበት ካሚዮን ገብቶ እንዲቆም የተሠሩ የጠጠር መውጫዎች አሉ። እነዚያ መውጫዎች ለጌጥ አልተሠሩም። የአባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው የፍሬኑን ሽታ ያውቀዋል። በናፍጣው መኪና ላይ ያለው የጭስ ማውጫ ፍሬን፥ ከዝቅተኛ ማርሽ ጋር፥ የእግሩን ፍሬን ሳያግል መኪናውን ይይዛል። ተሳቢውም የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው፤ ቢበጠስ እንኳ ሽቦዋ ስትሳብ በራሱ ባትሪ ይይዛል።

ሌላው ባለጋሪ የሚያውቀው ነገር የጭነት ሚዛን ነው። ጋሪ ከኋላ ሲበዛበት ክንዱ ወደ ሰማይ ይነሣል። የሞተር ጋራዡ ከተሳቢው አክስል በስተኋላ ስለ ሆነ፥ ሞተሮቹ ሲገቡ የፊቱ ክብደት ይቀንሳል። ከመቶ 10 በታች ከወረደ ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዛል፤ ነፋስ ወይም ትልቅ ካሚዮን ሲያልፍ ደግሞ መኪናውን ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ሞተሮቹ ሲወጡ በተቃራኒው ፊቱ ይከብዳል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም መመዘን ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ በካሚዮን ማረፊያዎች «ካት» የተባለው፥ በ1977 የተመሠረተው ድርጅት ሚዛኖች አሉ። የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለይተው በወረቀት ይሰጣሉ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። እኛ ቤቱን በሙሉ ጭነት፥ ውሃውንም ሞልተን አስመዘንን። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ድምሩ ልክ ሆኖ ሳለ አንዱ አክስል ብቻውን ሊጎዳ ይችላል። እኛም ክብደቱን የሚያከፋፍለውን የመጎተቻ ብረት ያሰርነው ለዚህ ነው።

ጥቂት የቤት ውስጥ ምክሮችም ልጨምር። አንደኛ፥ ሞተሮቹን በአራት ማዕዘን በመጫኛ ጠፍር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የምታስሩበትም ቀለበት ከወለሉ ጣውላ ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ብረት ጋር የተያያዘ ይሁን። ሁለተኛ፥ ጋራዡ የቤንዚን ትነት ይይዛልና ምድጃ ከመለኮሳችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ፤ የመርዛማ ጭስ ማስጠንቀቂያውም መሥራቱን አረጋግጡ። ሦስተኛ፥ የጎማ ብሎኖችን ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ። አራተኛ፥ የተሳቢ ጎማ መልኩ ሳይለወጥ በዕድሜ ያረጃል፤ የተሠራበትን ቀን ከጎኑ ላይ አንብቡ። አምስተኛ፥ አዲስ ተሳቢ ቤት ከሻጩ ግቢ እንደ ወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ሁለት ሦስት ዓመት የሠራውን መርምሮ መግዛት ገንዘብን ያድናል።

አንድ ቀን ጉልበታችን ሞተሩን እንቢ እንደሚል እናውቃለን። ያን ጊዜ ጋራዡ ባዶውን አይቀርም። ግድግዳው ላይ ታጥፎ የሚወርድ አልጋ አለው፤ የልጅ ልጆች ያድሩበታል። ያ ሰፊ መወጣጫም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ባለቤቴ ይህን ያየችው ገና ከመግዛታችን በፊት ነው፤ ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም፤ መወጣጫውን በእግሯ መትታ ጥንካሬውን ሞከረች እንጂ።

እናንተ ዛሬ የምትገዙት ተሳቢ ቤት ላይሆን ይችላል። በወር ደመወዝ የሚከፈል ዕቃ፥ በብድር የሚሠራ ቤት፥ ለዘመድ የሚገባ ዋስትና ሊሆን ይችላል። በሁሉም ዘንድ «ትችላለህ፥ ይጎትትልሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት በሩን ክፈቱና በምሰሶው ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ፤ ወረቀቷ ከሌለችም ባዶውን አስመዝናችሁ ቀንሱ። አቀበቱን የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ ቍልቍለቱን በሰላም የሚያወርደው ግን ልክን ማወቅ ነው።